ያልተቀበልኩት ቁልፍ

ይህ ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከማንም አልሰማሁትም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ በእጄ ደግሞ...

አይ። በእጄስ አልነካሁትም። ጉዱም እዚያ ላይ ነው።

በዚህ ቻናል የምታወሩት አብዛኛው ነገር በእኩለ ሌሊት የሆነ ነው። የእኔ ጨለማ የለውም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሐምሌ ወር፣ ጠራራ ፀሐይ። ከታች የዳኑብ ወንዝ ዓይን እስኪያጭበረብር ያበራል።

ስሜ ዴሳንካ ነው። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ፈሪ ሴት ነኝ፤ ቤተሰቤ ሁሉ ያውቃል፣ ይስቁብኛልም። ይህን ግን አያውቁም። ለቄሳችን ልነግር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜም ስለ ጉልበቴ ሕመም አውርቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ጽሑፍ ፊት ለፊት አያይም።

የብስክሌት ጉዞውን ያመጣው አማቼ ኔናድ ነው። "ልጅቷ ስልክ ላይ ተተክላ ከምትውል አገሯን ትይ" አለ። ድንኳን ገዛ። ወደ ፋብሪካ እመላለስባት በነበረችው አሮጌ ብስክሌቴ ላይ ባትሪ ገጠመልኝ። ልጄ ያድራንካ ደስ አላት። ኢስክራማ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አደረች።

ኢስክራ የልጄ ልጅ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ያን ቀን መንገድ ከጀመርን ሦስተኛ ቀናችን ነበር፤ በወንዙ ዳር ከክላዶቮ ከተማ ወደ ኔጎቲን ከተማ እየወረድን።

"እማማ፣ ፍሬኑን ይልቀቁት እንጂ! ሜዳ ላይ እኮ ነን!" ይላል ኔናድ ከፊት።

"አንተ ቀስ በል! ልጅቷ እያላባት ነው!"

"ብስክሌት እየነዳች ምን ትሁን ታዲያ፣ ይብረዳት?"

"በላብ ላይ ነፋስ ሲመታት ታየዋለህ!"

ያድራንካ ከኋላ ትስቃለች። "በእማ አፍ ነፋስ የገደለው ሰው ጦርነት ከገደለው ይበልጣል።"

እንዲህ እየተባባልን ነበር የኢስክራን የኋላ ጎማ እሾህ የወጋው።

ኔናድ ብስክሌቱን ገልብጦ የውስጥ ጎማውን ማውጣት ጀመረ። ያድራንካ ጠርሙሶቹን ይዛ ከመንገዱ በታች ወዳለ ምንጭ ወረደች። እኔ ጫማዬ ውስጥ የገባ ጠጠር ላወጣ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል ኢስክራ የለችም።

ከመንገዱ በላይ የመንደር መቃብር አለ፤ በእንጨት አጥር የታጠረ። ወደዚያ ሮጥኩ። ሰባት እርምጃ ሳልራመድ ድምጿን ሰማሁ፤ ከሰው ጋር በሹክሹክታ ታወራለች።

ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ጠበቅ ያሉ ሹሩባዎች፣ ነጭ ካልሲ። እግሯን ዘርግታለች።

እግሯ ላይ የፈረስ እግር ብረት አለ።

ሰንሰለቱ በበሩ ስር አልፎ ወደ መቃብሩ ሣር ውስጥ ይገባል።

"በእግዚአብሔር..." ትላለች ልጅቷ ለኢስክራ። "እህቴ ሁኚ... ፍቺኝ..."

ይህን የአገሬ ሰው ሁሉ ስለማያውቀው ላስረዳ። በእኛ መንደሮች ሁለት እህትማማቾች ወይም ወንድማማቾች ዓመቱ ቢለያይም በአንድ ወር ከተወለዱ "የአንድ ወር ልጆች" ይባላሉ። ዕጣቸው አንድ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላውን ይጠራዋል። እንዳይጠራው ከቀብሩ በፊት ፈረስ የሚታሰርበት ብረት ይመጣና አንደኛው ቀለበት በሟቹ እግር፣ ሌላኛው በሕያው እግር ላይ ይቆለፋል።

ሕያው 'ፍታኝ፣ ወንድሜ ሁን' እያለ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የብረቱን ቁልፍ የያዘው ሌላ ሰው በሦስተኛው "እሺ" ይልና ይከፍታል። ከዚያ በኋላ በሟቹ ቦታ እህት ወይም ወንድም ይሆናል፤ ዕድሜ ልክ።

በሰባት ዓመቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ቁልፉን የያዘችው እናቴ ነበረች። የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምራ እስክትሞት ድረስ እናቴን "እህቴ" እያለች ጠራቻት፤ በዓልም ያለ እሷ አታከብርም ነበር። ደግ ነገር ነው። የሚያስፈራ አይደለም።

ስለዚህ ልጅቷን ሳያት መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። አሳዘነችኝ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ" አልኳት። "ማን ሞተብሽ?"

ዞር ብላም አላየችኝ። ዓይኗ ኢስክራ ላይ ነው።

ወደ መቃብሩ አየሁ። ቀብርተኛ የለም። ቄስ የለም። ሻማ አይሸትም። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ ሰው የረገጠው ቦታ የለም።

ደግሞ ልጅቷን አየሁ። እኔ ከአንገቴ ላብ ይንጠባጠባል። ኢስክራ ፊቷ ቀልቷል። የልጅቷ ግንባር ግን እንደ ዱቄት ደርቋል።

ካልሲዋ ላይ አንዲት የአቧራ ነጥብ የለም።

ከዚያ ብረቱን አየሁ።

በእኛ ዘንድ ሕያው የሚታሰረው በቀኝ እግሩ ነው። ሟቹ በግራ። ለምን እንደሆነ እናቴም አታውቅም ነበር፤ ግን ማንም ሰው ተሳስቶ አያውቅም።

ልጅቷ የታሰረችው በግራ እግሯ ነበር።

የኢስክራን ክንድ ይዤ ስጎትታት ጮኸች። "አመመኝ እማማ!" ዝም ብዬ ጎተትኳት። ከኋላችን ያ ቀጭን ድምፅ...

"አንድ።"

ብቻ እንዲህ አለ።

ለያድራንካ ነገርኳት። እግዜር ያውቃል፣ ያኔ ነግሬአታለሁ።

"እማ፣ የመንደር ልጆች ዕቃ ዕቃ እየተጫወቱ ይሆናላ።"

"በፈረስ ብረት?"

"አንቺን ፀሐይ መትታሻለች። ኮፍያሽን አድርጊ።"

ጎማው ተነፍቶ መንገድ ጀመርን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፁ መጣ።

ክርርር... ክርርር...

ኔናድ አቆመን። "የኢስክራ ሰንሰለት ላልቷል" ብሎ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት። ቀጠልን። ክርርር... እንደገና ወረደ፣ የሰንሰለቱን ጥርሶች አንድ በአንድ አየ። ቀጠልን። ክርርር...

"ይኼ ሰንሰለት ከእኔ የተሻለ ጤና አለው" አለ ራሱን እያከከ። "ወይ ብስክሌቷ እማማ ላይ እያማረረች ነው።"

ያድራንካ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሦስተኛ ጊዜ ስንቆም ልብ ብዬ አዳምጬ ነበርና። አራታችንም ቆመናል። ጎማዎቹ ቆመዋል።

ድምፁም ቆመ። ግን ትንሽ ዘግይቶ።

ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። አንድ የሆላንድ ቤተሰብ ቀድሞን ድንኳኑን ተክሏል፤ አባትየው ቲስ፣ እናትየው ማሪት፣ ልጃቸው ፌምከ። ፌምከ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጭር ቢጫ ፀጉር፣ አፍንጫዋ ላይ ጠቃጠቆ። ሁለት የላይ ጥርሶቿ ወልቀዋል። አንድም ቃል ሳይግባቡ ከኢስክራ ጋር በአንድ ጊዜ ተግባቡ።

እኔ ከድንኳኑ ፊት ተቀምጬ ራሴን በሳህን አራግብ ነበር። ፌምከ አየችኝ። ሄዳ ፎጣ በውኃ ነክራ መጣችና አንገቴ ላይ አደረገችልኝ።

"ኧረ በላብ ላይ ቀዝቃዛ!" ብዬ ልቆጣት ነበር። ዓይኗን ሳይ ተውኩት። ጉንጬን ዳበሰችኝና ሮጠች።

ይህን የጻፍኩት ደግ እንደነበረች እንድታውቁ ነው።

ከዚያ ኢስክራ ወደ ድንኳኑ ጠራችኝ። ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች።

"እማማ፣ አትቆጪኝም?"

"ምን አደረግሽ?"

"መጀመሪያ አልቆጣም በዪ።"

"አልቆጣም።"

ካልሲዋ ውስጥ እጇን ከትታ አወጣች። ጣት የሚያህል ቁልፍ። ጥቁር ብረት።

የእግር ብረቱ ቁልፍ ነበር።

"ልጅቷ ናት የሰጠችኝ፣ አንቺ ሳትመጪ" አለች። "ያምራል ብዬ እኮ ነው... እማማ፣ ልጅቷ እዚህም መጥታለች። ሸምበቆው ውስጥ ናት። አሁንም ጠየቀችኝ።"

"ምን አለችሽ?"

"'ሁለት' አለችኝ።"

ቁልፉን ልጣለው ብዬ አሰብኩ፤ ወንዙ እዚያው ነው። ግን እናቴ ያለችው ትዝ አለኝ። ቁልፉ ከጠፋ የመጨረሻው ያዥ እንደታሰረ ይቀራል። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ሰጪውም ወዶ፣ ተቀባዩም ወዶ። ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ይመልሳል።

ሕያው ሲጠይቅ "እሺ" ያለ ሰው የሕያው እህት ይሆናል። ሟች ሲጠይቅስ? እሱን ማንም አልነገረኝም። አስቤ ደረስኩበት፤ በሟቹ ቦታ ይቀራል።

"እግሬን ከበደኝ እማማ" አለች ኢስክራ። "አንቺ ያዢልኝ።"

እጇን ዘረጋች። ቁልፉ መዳፏ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ ሦስት ቀን መጻፍ አቁሜ ነበር።

ሁለቱም እጆቼ ወደ ኋላዬ ሄዱ። እኔ አላዘዝኳቸውም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አዝዣቸዋለሁ። ከጀርባዬ አንዱ እጄ ሌላውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

"እማማ? ያዢልኝ እንጂ..."

ኖሬአለሁ፣ በልቻለሁ፣ ልጅ ድሬአለሁ። ጉልበቴ ታሟል። ደግ አያት ብሆን "ወዲህ በዪ" ነበር የምለው። ለራሴ ግን ምን አልኩ? "የምትፈልገው ልጅ ነው፣ አሮጊት ምን ያደርግላታል" አልኩ። ማንም እንዲህ አላለኝም። እናቴ ያን ቁልፍ ስትይዝ አርባ ዓመት አልፏት ነበር። አውቅ ነበር።

ከውጭ የፌምከ ሳቅ ተሰማ።

"ፌምከ ጓደኛሽ አይደለች?" አልኳት ኢስክራን።

"ናት።"

"ለጓደኛ ስጦታ አይሰጥም?"

"ይሰጣል... ግን ልጅቷ የጠየቀችው እኔን ነው።"

"ስጪያት።"

"እማማ ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ስጪያት አልኩሽ! ደስ ብሎሽ፣ እየሳቅሽ ስጪያት።"

ልጅ ናት፣ ታዘዘችኝ። በድንኳኑ ቀዳዳ አየሁ። ፌምከ ቁልፉን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። ኢስክራን አቀፈቻት። ከአንገቷ የዶቃ ማሰሪያዋን ፈትታ ቁልፉን አብራ ክር ላይ አስገባችው።

ምነው በዚህ ባበቃ።

አላበቃም። ፌምከ ቋንቋችንን አታውቅም፤ ጥያቄው ሲመጣ ዝም ብትልስ? ቁልፉ ወደ ኢስክራ ቢመለስስ? ስለዚህ ሐብሐብ ቆረጥኩ። ጠራኋት። አንድ ቁራጭ ከፍ አድርጌ፣ "እሺ በዪ" አልኳት።

ገና ሳትረዳኝ ሳቀች።

"እሺ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ ወደ አፌ እያመለከትኩ።

"ኢሺ" አለች።

ሰጠኋት። ሌላ ቁራጭ አነሳሁ።

"እሺ!"

ሰጠኋት።

"እሺ! እሺ! እሺ!" እያለች ሜዳውን በሩጫ ዞረች። እናቷ እያየች አጨበጨበች። "እማ እኮ አስተማሪ መሆን ነበረባት" አለች ያድራንካ። ቲስ ቢራ ከፈተልኝ።

ጠጣሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይ ገና ከኮረብታው በላይ ናት። ኔናድ እኔ ፍሬን ስይዝ እንዴት እንደምሆን ተነስቶ እያሳየ ሆላንዶቹን በሳቅ ይገድላቸዋል። እኔ ኢስክራን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ጆሮዎቿን በመዳፌ ይዣለሁ።

ሸምበቆው ተንቀሳቀሰ። ነፋስ አልነበረም።

ክርርር...

ከትልልቆቹ አንዳቸውም አልሰሙም። ፌምከ ግን ሐብሐቧን እንደያዘች ዞረች። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። እኔም ሰማሁ፤ ያቺ ቀጭን ሹክሹክታ...

"በእግዚአብሔር... እህቴ ሁኚ... ፍቺኝ..."

ፌምከ ወደ እኔ አየች። "ልክ ነኝ?" እንደምትል ተማሪ። ሐብሐብ የሞላው አፏ ፈገግ እንዳለ ነው።

አንገቴን ግራና ቀኝ መነቅነቅ እችል ነበር። አይሆንም ማለት እችል ነበር።

ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩላት። አዎ አልኳት።

"እሺ!" አለች ፌምከ። ወደ ሸምበቆው ሮጠች።

ቀጭ።

እንደ ማንኛውም ቁልፍ ድምፅ ነበር።

"እማማ፣ እግሬ ቀለለኝ" አለች ኢስክራ ከጭኔ ላይ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፌምከ ተመለሰች። አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ እየተራመደች መጣች። ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ማሪት ሐብሐብ ስትሰጣት ሐብሐቡን አገላብጣ አየችው፤ ምን እንደሆነ እንደማታውቅ። ሳትነካው አስቀመጠችው።

ፊቷን አላየሁም። ሆን ብዬ አላየሁም። እግሯንም አላየሁም። አገዳ እንደሚቆጥር ሰው ሸምበቆውን ሳይ አመሸሁ።

ጠዋት ሆላንዶቹ ዕቃቸውን ጫኑ። ማሪት ቦርሳዎቹን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ድንኳኑ የነበረበትን ሣር በእጇ ዳሰሰች።

"ምን ጠፋባችሁ?" አለቻት ያድራንካ በእንግሊዝኛ።

"ምንም" አለች ማሪት። "ሁሉም አለ።"

ከዚያ ወደ ሸምበቆው ዳር ሄዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

"ፌምከ!"

ልጅቷ ከኋላዋ ብስክሌቷን ይዛ ቆማ ነበር። ማሪት ዞራ አየቻት። ግንባሯን ይዛ በራሷ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ፤ ደግሞ ወደ ሸምበቆው አየች።

ያድራንካ አጠገቤ ነበረች። እንግሊዝኛ ታውቃለች። "ይህን ንገሪልኝ" ብል ትነግርልኝ ነበር።

"በሉ መንገዱ ሳይሞቅ" አልኩ እኔ። "ልጅቷን ነፋስ ላይ አታቁሟት።"

ያድራንካ ተረጎመችላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ኢስክራ ደህና ናት። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ሳቅ በሳቅ ናት። "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ግን እፈራለሁ፤ በምን አፌ?

ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ያድራንካ ፖስታ ይዛ ገባች።

"እማ፣ ሆላንዶቹ የበዓል ካርድ ላኩልን! ፎቶም አለው። ፌምከ እንዴት አድጋለች! ነይ እዪያት።"

"በኋላ" አልኩ።

"ነይ እንጂ፣ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሻት?"

መነጽሬን አደረግኩ።

በቤታቸው ደጅ ነው የተነሱት። በረዶ እየጣለ ነው። ቲስ አለ። ከፊቱ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ትከሻዋን ይዟታል። ሁለት ጠበቅ ያሉ ሹሩባዎች አሏት። ልጅቷን አውቃታለሁ። ፌምከ አይደለችም።

"ታምራለች፣ አይደል?" አለች ያድራንካ።

"ታምራለች" አልኩ።

ማሪት ከእነሱ ራቅ ብላ በሌላው ጎን ቆማለች። ከስታለች። ካሜራውን አታይም። ቀኝ እጇ ከጎኗ ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀርቷል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ራስ በሚደርስበት ልክ። ጣቶቿ ፀጉር እንደሚዳብስ ሰው ታጥፈዋል።

ከእጇ በታች ማንም የለም።

በረዶው የሁሉንም ጫማ ሸፍኗል፣ ደጁን ሁሉ ሸፍኗል። ከእጇ በታች ብቻ፣ ሁለት ትናንሽ እግሮች የሚያህል ቦታ፣ በረዶ አልያዘም።